መርዶ ያልመጣለት አጎቴ

አጎቴ ከኤርትራ ጋር በነበረው ጦርነት ከአዳማ ወደ ባድመ የዘመተው በ1991 ነው። ያኔ አዳማን ሁሉም ናዝሬት ነበር የሚላት። ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ፈረሱን ለጎረቤት ሰጥቶ፣ የእናቱን ጉልበት ስሞ ሄደ። አንድ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ ዝም።

አብረውት ከሄዱት የሰፈር ልጆች የአንዳንዶቹ መርዶ ደረሰ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ። የእሱ ግን የለም። ሞተ የሚል ወረቀት የለ፣ ተማረከ የሚል ሰው የለ። አያቴን ተዝካር አውጪለት ሲሏት "ልጄን በቁሙ ልቅበረው?" ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ሬሳ ሳያዩ እንዴት እርም ይወጣል?

በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም፣ በኋላም ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ሲመለሱ፣ በር በሩን ስታይ ከረመች። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ በቴሌቪዥን ያየን ቀን ግን ያደረገችውን አልረሳውም። ብድግ ብላ ስክሪኑ ጋ ተጠጋችና ፊቶቹን በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ ፈለገችው። ሲሄድ 22 ዓመቱ ነበር። የምትፈልገውም ያንን ልጅ ነበር።

ደብዳቤው አሁን እኔ ጋ ነው። እጥፋቱ ላይ ተቀዷል፣ "የፈረሱን እግር እዩልኝ" የሚለው መስመር ግን አሁንም ይነበባል።