ቤንዚን ወጥቶ ናፍጣ ሲገባ

ዛሬ ባህር ዳር ላይ ጀልባ የሚጎትት አንድ ላንድክሩዘር 80 የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ (1HZ) የሚባለው የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ገባለት። ይህን ለምታስቡ፦ ሞተሩን ብቻ አትግዙ፤ ከነካምቢዮው፣ ሞተሩ ከሚያርፍባቸው ብረቶችና ከነዲናሞው ውሰዱት።

ዲናሞው ዋና ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር ለፍሬን ሰርቮ (ፔዳሉን ለእግር የሚያቀለው ክፍል) የሚሆነውን ቫክዩም (የመሳብ ኃይል) ራሱ ይፈጥራል፤ ናፍጣ አይፈጥርም። ለዚህ ነው ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ የቫክዩም ፓምፕ ያለችው። እሷ ካልሠራች የፍሬኑ ፔዳል ድንጋይ ይሆናል። ከኋላ ጀልባ ይዞ ወደ ጣና ዳር ቁልቁል ሲወረድ አስቡት!

ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ወርዶ በደንብ ይታጠብ፣ ውስጡ ያለው የቤንዚን ፓምፕም ይውጣ። የናፍጣው ፖምፓ (ናፍጣውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው) ራሱ ይስባል፤ የሚለሰልሰውም በናፍጣው ስለሆነ የቀረ ቤንዚን ይበላዋል። ትርፉን ወደ ሰልባትዮው የሚመልሰው ቱቦ አይዘጋ።

አልነሳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ መስመሩ አየር ይዞ ነው። ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ እስክትጠጥር ጫኗት፤ ከዚያ የኢንጀክተር ቱቦዎቹን ፍሬ ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ናፍጣ እስኪተፋ በሞቶሪኖ (በማስነሻው) አዙሩ። የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን ጊዜ የሚጠብቀው ቀበቶ) ሞተሩ ውጭ እያለ ይቀየር።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሞተሩም ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ) የለውም፤ ጉልበቱ መቀነሱ አይቀርም። «ፖምፓውን ክፈተው» ቢሏችሁ አትስሙ፤ አየሩ ሳይጨምር ናፍጣ ቢጨመር ትርፉ ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው።