በኦስትራቫ የዋልኩበት ግምገማ

ዛሬ የዋልኩት በቼክ ሪፐብሊኳ ኦስትራቫ ሲሆን፣ ከተለያዩ ከተሞች የመጣን ባልደረቦች የሮማ (በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚኖር አናሳ ሕዝብ ነው) ልጆችን በትምህርት የሚያግዙ የአካባቢ ፕሮጀክቶችን ጎብኝተን እርስ በርስ ተገማግመናል። (እኛ አገር ግምገማ ሲባል ሂስና ግለ ሂስ ትዝ ስለሚለኝ መጀመሪያ ላይ ፈራ ተባ ብዬ ነበር።) የአውሮፓ ሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 2007 መድልዎ ተፈጽሞባቸዋል ብሎ የፈረደላቸው 18 የሮማ ልጆች፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ወደተከፈቱ ልዩ ትምህርት ቤቶች ተመድበው የነበረው በዚችው ከተማ ነው።

የጠዋቱ ገለጻ እንደተለመደው በቁጥር የታጨቀ ነበር። ከሰዓት በኋላ በጎበኘነው የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ግን ራሳቸው ሮማ የሆኑ አንዲት አጋዥ መምህርት ጠርዙ የተበላ ደብተር አሳዩን፤ ከእያንዳንዱ ቀሪ ተማሪ ስም ጎን በእርሳስ «ጫማው ረጥቧል»፣ «ታናሽ እኅቷን ትጠብቃለች» የሚል ምክንያት ሰፍሯል። እኔም ያዘጋጀሁት ቅጽ የተመዘገበውን ልጅ ብዛት እንጂ የቀረበትን ምክንያት የሚጠይቅ ቦታ ስላልነበረው፣ በእውነቱ አፈርኩ።

ልንሰናበት ስንል መምህርቷ፣ «የሮማ ልጅ ሲበዛ ልጆቻቸውን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያዛውሩትን ወላጆችስ ማን ይገመግማቸዋል?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ከፕሮጀክቱ ወሰን ውጭ ነው ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በሪፖርታችን የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲሰፍር ተስማምተናል።