ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው

ታካሚዋ ለእንቅርት ኦፕሬሽን የገቡ እናት ናቸው። አፋቸው በደንብ ይከፈታል፣ አንገታቸውም ይታጠፋል። ራጁ ላይ የአየር ቧንቧቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ተገፍቷል እንጂ አልጠበበም። በማደንዘዣው ፕሮፖፎልና ጡንቻን ለአጭር ጊዜ በሚያዝለው ሳክስ አስተኛናቸው። ማንቁርትን የምናይበት ላሪንጎስኮፕ ሲገባ ግን የሚታይ ነገር የለም። የማንቁርት ክዳን የሆነው ኤፒግሎቲስ እንኳን የለም። ትራስ ጨመርን፣ የላሪንጎስኮፑን ምላጭ ቀየርን፣ ያው ነው።

ባልደረባዬ 4 ቁጥር ኤልኤምኤ (ማንቁርት ላይ ተቀምጦ አየር የሚያሳልፍ ጭንብል) አስገባ። ደረታቸው ተነሳ፣ በትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያሳየው ካፕኖግራፍ መስመሩን ሠራ፣ ኦክስጅናቸው ወደ 98 ተመለሰ። ሁላችንም እፎይ አልን።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። "ከሠራማ ቲዩቡን በውስጡ ላሳልፈው" አለ፤ አየር ቧንቧ ውስጥ የሚገባውን የመተንፈሻ ቱቦ ማለቱ ነው። አይፈረድበትም። ኤልኤምኤው አየር ካሳለፈ አፉ ልክ ማንቁርቱ ላይ ተገጥሟል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ግን አየር ጠማማም ቢሆን መንገድ ፈልጎ ያልፋል። ቲዩብ ወደተገፋበት ነው የሚሄደው። 6 ቁጥር ቲዩብ ጄል ተቀብቶ ገባ። ቦርሳው ሲጨመቅ ካፕኖግራፉ ዝም። ወጣ። ቀጥሎ ቡጂ፣ ለቲዩብ መንገድ የሚመራ ቀጭን ዘንግ። ቡጂ የአየር ቧንቧ ውስጥ ከገባ ቀለበቶቹን ሲነካ እጅ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሲገፋም አንድ ቦታ ይቆማል። ይኼኛው ሳይቆም ዘለቀ። ወደ ጨጓራ ነው የሄደው። ጫፉ ደም ይዞ ተመለሰ።

"በቃ!" አለች ሲኒየራችን። "ከአሁን በኋላ ማንም ሳያይ ምንም አያስገባም።"

ቀዶ ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። "ኤልኤምኤው ከሠራ በሱ ብቀጥልስ?"

"አይሆንም ዶክተር። አንገታቸው ላይ እየሠራህ ከቦታው ቢንሸራተት ምን ልናደርግ ነው?"

የብሪታንያው የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ ይላል። ታካሚውን ማንቃት፣ በኤልኤምኤው ውስጥ በፋይበርስኮፕ (ቀጭን ተጣጣፊ መመልከቻ) እያዩ ቲዩብ ማስገባት፣ በኤልኤምኤው መቀጠል፣ ወይም አንገት ላይ የአየር መግቢያ መክፈት። በጭፍን መሞከርን አይመክርም። ያን የሚያህል እንቅርት ያለበትን አንገት በጥድፊያ መክፈት ማን ይፈልጋል? ስለዚህ እናያለን፣ ካልሆነ ይነቃሉ።

ፋይበርስኮፕ አለን። በእርዳታ የመጣ ነው። ያለው ንብረት ክፍል ነው፣ ቁልፉ ደግሞ ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሰው ኪስ ውስጥ። (የመንግሥት ሆስፒታል የሠራ አይገርመውም።) ሮጬ ይዤ ስመለስ የሳክሱ ኃይል አልቆ፣ እናታችን በማደንዘዣ ጋዙ በአይሶፍሉሬን እንደተኙ በራሳቸው እየተነፈሱ ነው። ጊዜ አለን።

ስኮፑ በኤልኤምኤው ሲገባ ምስጢሩ ወጣ። ኤፒግሎቲሱ ታጥፎ ቀዳዳውን ሸፍኖታል። ሲኒየሯ መንጋጋቸውን አነሳች፣ ኤልኤምኤውን ትንሽ ሳብ አድርጋ መልሳ ገፋችው። የድምፅ አውታሮቹ ከመሀል ወደ ቀኝ ሸሽተው ታዩ። ቦታውን የሚያደነዝዝ ሊዶኬይን ረጨች።

ስኮፑ ላይ ኤይንትሪ ካቴተር አልብሰነው ነበር። 56 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ ውስጡ 4.7 ሚሊሜትር የሆነ ባዶ ቱቦ ነው፤ ቀጭን ስኮፕ ብቻ ነው የሚያስገባው። ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። 6 ቁጥር ቲዩብ በኤልኤምኤ ውስጥ ቢያልፍ እንኳን አጭር ነው፣ ጫፉ አጠገብ ያለው የሚነፋ ፊኛ አውታሮቹ መሀል ሊቀር ይችላል። ኤይንትሪው ግን ቧንቧው ውስጥ ይቀመጥና ስኮፑም ኤልኤምኤውም ይወጣሉ። በላዩ ላይ 7 ቁጥር ቲዩብ ይነዳል። የኛው መግቢያው ላይ ያዝ አደረገው። ወደ ግራ ሩብ ዙር ሲዞር ገባ። ካፕኖግራፉ መሰከረ፣ ዶክተሩም ሥራውን ጀመረ።

ስኮፑ ንብረት ክፍል አልተመለሰም። ብዙ ጭቅጭቅ ነበረው፣ አሁን ግን ከነኤይንትሪው ኦፕሬሽን ክፍላችን ውስጥ ነው።

በማግስቱ ወረቀት ጻፍኩላቸው። "በላሪንጎስኮፕ ምንም አይታይም። 4 ቁጥር ኤልኤምኤ ይሠራል። ቲዩብ በጭፍን አይሞከር፣ ፋይበርስኮፕ ይዘጋጅ።" ሌላ ጊዜ ኦፕሬሽን ካለ ይህን አሳዩ አልኳቸው። ገልበጥ አድርገው አዩትና በሻከረ ድምፅ፣ "ማኅተም የለውም እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

ላስመታበት ወረድኩ።