ጠርዙ አይቆረጥ

የፖርትፎሊዮ ድረ ገጼን፣ ፎቶዎቼን ለደንበኛ የማሳይበትን፣ እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው። የድሮው የተሠራው ከቴምፕሌት፣ ማለትም ቀድሞ ከተዘጋጀ የገጽ ቅርጽ፣ ነበር። ቴምፕሌቱ ፎቶዎቹን ሁሉ በእኩል ካሬ ይደረድራቸዋል። ሲታይ ንጹሕ ነው። ፎቶዎቼ ግን ካሬ አይደሉም። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። ለሥራ የምይዘው ዲጂታል ካሜራም ምጣኔው ያው ነው። ካሬ ይሁን ከተባለ የፎቶው ሲሶ መቆረጥ አለበት። ሲሶ ደግሞ ብዙ ነው። የምተዳደረው ሠርግ በማንሳት ነው፤ ከሠርግ ፎቶ ላይ ሲሶው ሲሄድ ዳር የቆሙት ሚዜዎች አብረው ይሄዳሉ።

ለጠርዝ እንዲህ እንድቆረቆር ያደረገኝ አንድ አሮጌ ካሜራ ነው። ዜኒት ኢ ይባላል። ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ እ.ኤ.አ. በ1965 መመረት የጀመረ ሞዴል ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ኪየቭ ሄደው ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ከእሳቸው ወደ እኔ ተላለፈ።

ከባድ ነው፤ አንገት ላይ ሲውል ያስታውቃል። ባትሪ አይፈልግም። የብርሃን መለኪያው ሴሊኒየም ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጭና መርፌዋን ያንቀሳቅሳታል። ሌንሱ ባለ 58 ሚሊ ሜትሩ ሄሊዮስ 44-2 ነው። መጀመሪያ የሌንሱን ብርሃን መግቢያ በሰፊው ከፍቼ ፎከስ አደርጋለሁ። ከዚያ ቀለበቱን አዙሬ መግቢያውን አጠብበዋለሁ፣ መመልከቻው ይጨልማል፣ ያኔ አነሳለሁ። እስክጨርስ ድረስ የሚነሳው ሰው ፈገግታውን ትቶ ወደ ራሱ ፊት ይመለሳል። እኔ የምፈልገውም ያንን ፊት ነው።

አብልጬ የምወድለት ግን ሌሎች እንደ ጉድለት የሚቆጥሩበትን ነገር ነው። በመመልከቻው የሚታየው ፊልሙ ላይ ከሚቀረው ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረውን አንሺው አያየውም። ፊልሙ ሲታጠብ ነው ማን ዳር ላይ እንደነበረ የሚታወቀው።

የአጎቴን የድሮ ኔጌቲቮች ስካን ሳደርግ ይህ በየፍሬሙ ገጠመኝ። አያቴ ቡና ሲቆሉ የተነሱበት አንድ አለ። በግራ ጠርዝ በኩል እጅ ይታያል፤ እጅ ብቻ፣ ስኒ የያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ የማን እጅ ነው?» አልኳቸው።

«የእህቴ ነዋ! ፎቶ ፈጽሞ አትወድም ነበር። ካሜራውን ስታይ ትሸሻለች።»

አክስቴ በወጣትነታቸው የተነሱት ሌላ ፎቶ የለም። ያ ቴምፕሌት ቢያገኘው ደግሞ መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህንን እጅ ነው። ስለዚህ አዲሱ ድረ ገጽ ካሬ የለውም። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ከላይ ወደ ታች ይሄዳሉ፤ አግድሙም ቁሙም በራሱ ቅርጽ። የየፎቶውን ስፋትና ቁመት ኮዱ ውስጥ ጽፌዋለሁ፤ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉ እየዘለለ አንባቢን እንዳያስቸግር። ስካኑ በጣም ትልቅ ፋይል ነው፣ እሱን አሳንሼዋለሁ። የሚያየኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሞባይል ዳታ ነው፤ የሰው ካርድ መጨረስ ነውር ነው።

ከድሮው ገጽ ብዙ ፎቶ ቀነስኩ። ያለህን ሁሉ አሳይ የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ደንበኛ እንዲደውልልኝ የምፈልግበትን ሥራ ብቻ ነው ያስቀረሁት። ከየፎቶው ሥር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ለሱ የመረጥኩት ፎንት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው፤ በመስመሮቹ መካከል ለእንግሊዝኛ ከሚበቃው የበለጠ ክፍተት ሰጠሁት። ፊደላችን መተንፈሻ ይፈልጋል።

ካሜራውን ሽጠው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። አልሸጠውም፤ እሠራበታለሁ። ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቼ ነው የማስቀምጠው፤ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይይዛል፣ ሌንስም ሻጋታ ያበቅላል። ሹተሩንም፣ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውን መጋረጃ፣ ወጥሬ አላሳድረውም። ፊልም እንደ ድሮው በየፎቶ ቤቱ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ሰው እለምናለሁ። በተጫነ ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ በእጅ ያዙት፣ ፍተሻ ላይም በእጅ ይታይልኝ በሉ እላለሁ፤ ለትልልቅ ሻንጣ የሚጠቀሙበት የኤክስሬይ ማሽን ፊልም ያበላሻል። ጥቁርና ነጩን እቤት አጥባለሁ። የማጠቢያው ፈሳሽ 20 ዲግሪ መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ክረምት ላይ ቀዝቃዛ ነውና ትንሽ አሞቀዋለሁ።

ጠርዝን መተው ግን የራሱ ጥያቄ አለው። ዳር ላይ ያለው ሰው ልነሳ ብሎ የቆመ አይደለም። አክስቴን ደውዬ ጠየቅኋቸው። ለምን እንደምፈልገው ረጅም ጊዜ ካስረዳኋቸው በኋላ ፈቀዱ፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ግን አስጠነቀቁኝ። አልጻፍኩም። የሠርጎቹ ገጽ ግን ገና ነው። ሙሽሮቹ ቢፈቅዱም ከኋላ የሚታዩት እንግዶች አሉ፣ ልጆችም አሉ። አሁን ለየቤተሰቡ ፎቶውን ሳልቆርጥ እየላክሁ ነው። አይሆንም ያሉኝን ፎቶ ከርክሜ ከማስቀመጥ ጨርሶ ገጹ ላይ አላደርገውም።