ስታገቢ ይተውሻል

ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ፔሬዴ በመጣ ቁጥር ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት እቀር ነበር። እማዬ ተልባ ታፈላልኛለች፣ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታ በፎጣ ጠቅልላ ሆዴ ላይ ታደርግልኛለች፣ ከዛ ያው የተለመደው "አይዞሽ ልጄ፣ ስታገቢ ይተውሻል"። አገባሁ፣ አልተወኝም። ኢንዶሜትሪዮሲስ ሚባል፣ ፔሬድን እንዲህ ሚያሳምም በሽታ እንዳለ የሰማሁት በ29 ዓመቴ ነው፣ እሱንም ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ተነስቼ ዶክተሯ ጥያቄ ስታበዛብኝ።

ባለፈው አንድ ትምህርት ቤት የሴቶች ክበብ ጋብዞኝ ሄድኩ። ሞዴስ ይታደላል፣ ማረፊያ ክፍል አለ፣ ደስ ይላል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ በምታመርተው ታጥቦ የሚለበስ ሞዴስ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን ሂሮ ስትባል እኛ ቤት እንኳን አባዬ ባለበት ወሬው ተነስቶ ነበር። ግን ወሬው ሞዴስ ላይ ቆመ። ባዮሎጂም ኦቭዩሌሽን ምናምን ብሎ ዑደቱን ያስተምርሻል እንጂ የቱ ህመም ኖርማል እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ሐኪም ጋ እንደሚያስኬድ አይነግርሽም።

ስም ሳይጽፉ ጥያቄ ካርቶን ውስጥ እንዲከቱ አደረግን። የመጀመሪያዋ ወረቀት "በቀን ስንት ሞዴስ ነው ኖርማል?" ትላለች። ቁጥሩን ተዪው አልኳት፣ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ እየሞላ ካስቀየረሽ፣ ሌሊት ለመቀየር ምትነሺ ከሆነ፣ ከ7 ቀን ካለፈ፣ ከሳንቲም የሚተልቅ የረጋ ደም ከወጣሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፣ ደም ማነስ ሊያመጣብሽ ይችላል፣ አንዳንዴም ደም ቶሎ ያለመርጋት ችግር መጀመሪያ ሚታወቀው በዚህ ነው። ጠዋት ሰልፍ ላይ የምትወድቅ ልጅ እኮ ሁሌ ቁርስ አልበላችም ነው ሚባለው!

ሁለተኛዋ ስለ ማስታገሻ ነበር። ማህፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፣ እሱ ነው ሚያኮማትረውና ቁርጠቱን ሚያመጣው፣ አይቡፕሮፌን ደግሞ እሱ እንዳይመረት ስለሚያደርግ ህመሙ ገና ሲጀምር ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው በደንብ ሚሰራው፣ ካቃተሽ በኋላ አይደለም። ጨጓራ ያለባት መጀመሪያ ሐኪም ትጠይቅ (ጨጓራ የሌለው ሰው ካለ ማለቴ ነው)። እሱን ወስደሽም ከትምህርት ምትቀሪ ከሆነ ግን "ያው ፔሬድ ነው" ብለሽ እንዳታልፊው።

ስለራሴም ነገርኳቸው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ ሲያድግ ነው ኢንዶሜትሪዮሲስ ሚባለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ አካባቢ እንዳለባቸው ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ 40 ሴቶች ነበሩ፣ ሂሳቡን ራሳቸው ሰሩት፣ አራት ብለው ዝም ተባባሉ።

ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ "እህቴ፣ ልጆቹን እንዳታስፈራሪብን" አለኝ። ሳላስፈራራ ለመንገር ጊዜ ይፈልጋል፣ የሰጡኝ ደግሞ ከምሳ ሰዓት ላይ 30 ደቂቃ ነው። ሶስተኛዋን ወረቀት ስከፍት ደወል ተደወለ፣ የቀሩት 17 አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።