ከክትባቱ በፊት የተቀዳ ደም

ሐዋሳ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ ጥናት ስንጀምር ጥያቄያችን አጭር ነበር፦ ክትባት የወሰደ ሰውና ቫይረሱ ራሱ የያዘው ሰው የሚያመነጩት መከላከያ በምን ይለያል? ለዚህ ከእያንዳንዱ ፈቃደኛ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደም መቅዳት ነበረብን። ከተከታቢዎች አንዱን ከክትባቱ በፊት፣ ሁለተኛውን ከ28 ቀን በኋላ፤ ከታመሙት ደግሞ አንዱን ሕመሙ እንደ ጀመረ፣ ሌላውን ካገገሙ በኋላ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት በቃል ነው። መጠይቁ ላይ «ባለፈው ዓመት ጉንፋን ይዞዎት ነበር?» ብዬ ጻፍኩ። አፍንጫ ሲፈስም፣ ጉሮሮ ሲከረክርም፣ ሰው ለሳምንት አልጋ ላይ ሲውልም በእኛ አገር ሁሉም ጉንፋን ይባላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው፣ በትኩሳትና በቁርጥማት ድንገት የሚጥል በሽታ ነው። ልዩነቱን ለማስረዳት የረዳኝ የኅዳር በሽታ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ስንቱን ቤት ባዶ ያደረገው፣ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጨስለት በሽታ ኢንፍሉዌንዛ እንደ ነበር ስናገር ትልልቆቹ ወዲያው ይገባቸው ነበር።

ከእነሱ አንዷ በሐይቁ ዳር ዓሣ ሲሸጡ የኖሩ እናት ነበሩ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለው እኔን ይዞኝ አያውቅም» አሉኝ። እኔም እንዳሉኝ መዘገብኩ።

የደሙን ምርመራ ያስተማረኝ የሰው ሐኪም አልነበረም። የዶሮ ፈንግል ክትባት መሥራቱን በዚሁ ዘዴ ሲለካ የኖረ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ጆርጅ ኸርስት እ.ኤ.አ. በ1941 እንዳስተዋለው፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ቀይ የደም ሕዋሳትን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ እኛም ለምርመራው የዶሮ ደም እንጠቀም ነበር። ሴረሙ (ከሰውየው ደም ሕዋሳቱ ሲለዩ የሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው መከላከያ ካለ ቫይረሱን ቀድሞ ይይዘዋል፤ ሕዋሳቱም ሳይጣበቁ ፕሌት በሚባለው የምርመራ ሳህን ትንሽ ጉድጓድ ግርጌ ላይ እንደ ቀይ ቁልፍ ይቀመጣሉ። ሴረሙን 1 ለ10፣ 1 ለ20፣ 1 ለ40 እያልን እናቀጥነዋለን፤ ቫይረሱን ማገድ የቻለበት የመጨረሻው ቅጥነት የመከላከያው መጠን ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ፕሌቱን ዘንበል አድርገን እንጠብቃለን። ያልተጣበቁት የዶሮ ሕዋሳት ከጉድጓዱ ግርጌ እንደ እንባ ቁልቁል ይወርዳሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ የሰውነት ትዝታ በዓይን ሲታይ ይህ ነው።

ኤች 3 ኤን 2 የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ግን ለሳምንት ያህል አስለቀሰኝ። ቫይረስ ብቻ ባለበት ጉድጓድ እንኳ የዶሮው ደም አልጣበቅ አለ። መብራት በጠፋበት ሌሊት ተበላሽቷል ብዬ ልጥለው ነበር። ያስቆመኝ አንድ ነገር ነው፦ እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያደረው ሌላው ዓይነት፣ ኤች 1 ኤን 1፣ በደንብ ይሠራል። ለካ የቅርብ ዘመን ኤች 3 ኤን 2 ቫይረሶች ብዙዎቹ የዶሮን ቀይ ሕዋስ መያዝ ትተዋል። ወደ ጊኒ ፒግ ደም ስንቀይር ንባቡ ተስተካከለ። እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሰው ቫይረሱን ከመጠርጠሩ በፊት የሚጠቀምበትን የእንስሳ ደም ይጠርጥር።

የእናታችን ውጤት ሲመጣ ሠንጠረዡ «ምላሽ አልሰጡም» ይላል። በልማድ ምላሽ የሚባለው የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ቢያንስ አራት እጥፍ ሲያድግ ነው፤ የእሳቸው በኤች 1 ኤን 1 ላይ ያደገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ክትባቱ አልሠራም ብሎ ሊጽፍ ነበር። የመጀመሪያውን ደም አውጥተን ስናይ ግን ከክትባቱ በፊት 1 ለ160 ነበሩ። የመያዝን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል ተብሎ የሚወሰደው ደረጃ 1 ለ40 ነው። ከላይ የተነሳ ሰው ብዙ አይወጣም። ያ የመጀመሪያ ብልቃጥ ባይኖር ኖሮ በእሳቸው ላይም በክትባቱም ላይ ሐሰት እንጽፍ ነበር።

በታመሙት በኩል የጎዳን የዚሁ ግልባጭ ነው። ብዙዎቹ ወደ ጤና ተቋም የመጡት ከታመሙ ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ነበር፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ማደግ ከጀመረ መነሻው ጠፍቷል። ኋላ ላይ በባጃጅ ቤት ለቤት እየሄድን፣ በሁለተኛና በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫ ናሙና ወስደን በፒሲአር እያረጋገጥን ደም መቅዳት ጀመርን። አድካሚ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን አላገኘሁም።

አሁንም የሚቆጨኝ የአፍንጫውን ፈሳሽ ለቫይረሱ ምርመራ ብቻ መጠቀማችን ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት በዋነኛነት ደም ውስጥ ያለውን መከላከያ ያሳድጋል። ሕመሙ ግን አፍንጫና ጉሮሮ ላይም አይጂኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ያስነሳል፤ የቫይረሱን የውስጥ ክፍሎች የሚያውቁ ቲ ሕዋሳትንም ያነቃል። እኛ የለካነው ደሙን ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ያወዳደርነው በክትባቱ ሜዳ ላይ ነው።

ውጤቱን ለመንገር ሐይቁ ዳር ስሄድ እናታችን ዓሣ እየከተፉ ነበር። ቫይረሱን ከዚህ በፊት ሰውነታቸው ሳያውቀው እንዳልቀረ ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። «የመጨረሻ ልጄን ያረገዝኩ ጊዜ ሦስት ቀን እሳት ሆኜ ነበር፤ ምች ነው ብለውኝ ዳማ ከሴ ጠጣሁ» አሉ። ወዲያው እጃቸውን ታጥበው፣ የስድስተኛውን ወር ደም እንድቀዳ እጅጌያቸውን ሰበሰቡልኝ።