ጅማ ላይ ሠራተኛው «እሺ ጋሼ» ብቻ ማለት ሲጀምር

ባሕር ማዶ እየኖረ ጅማ ዙሪያ፣ ማና ወይም ጎማ ውስጥ፣ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያቆመ ሰው ስሞታው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ሠራተኛው ሰንፏል፤ ደመወዙን ይበላል እንጂ ሥራው ለደንቡ ያህል ነው።» ስንፍና ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሰነፉን አሰናብቶ ሌላ መቅጠር ነው። አዲሱም ሰው በሁለተኛው ወር ያንኑ ሲደግም ግን መፈተሽ ያለበት አሠራሩ ነው።

ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ሥራ አያቆምም። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይወጣል፣ የታዘዘውን ይሠራል። የሚያቆመው ማንም ሳያዘው ይሠራ የነበረውን ነው። የቡና ማጠቢያ ደግሞ ግማሽ ሕይወቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እሸት ቡናው፣ ማለትም ቀዩ ፍሬ፣ ከሰዓት በኋላ ከገበሬው ይሰበሰባል፣ ሲመሽ ጣቢያ ይደርሳል፣ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት። ካደረ ጆንያው ውስጥ ይግላል፣ ያለ ጊዜው መብላላት ይጀምራል። ከተፈለፈለ በኋላ እንደ ቦታው ብርድ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ገንዳ ውስጥ ይቆያል፤ መድረሱን የሚያውቀው ግን ሰዓት ሳይሆን እጅ ነው። በመዳፍ ሲያሹት ሙልጭልጩ ለቆ እንደ ጠጠር ከሻከረ ደርሷል፣ ይታጠባል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ገንዳ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው የሥራ ውል ላይ አይጻፍም። ሆድ የባሰው ሰው እስኪነጋ ይተኛና ጠዋት ያጥበዋል። መዝገቡ «ታጠበ» ይላል፣ ውሸትም የለበትም። ኮምጣጣው ጠረን የሚወጣው ከወራት በኋላ ቅምሻ ላይ ነው።

ቡናው የሚደርቅበት የወንፊት አልጋ ላይም እንዲሁ ነው። የታጠበው ቡና ሳሳ ብሎ ተሰጥቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ መገላበጥ አለበት። እኩለ ቀን ፀሐይ ሲበረታ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ካልተሸፈነ ገለፈቱ ይሰነጠቃል፤ ማታ ካልተሸፈነ ጤዛ ይጠጣል። የታጠበው እንደ አየሩ ከ8 እስከ 15 ቀን፣ ጀንፈሉ፣ ማለትም ሳይፈለፈል ከነልጣጩ የሚደርቀው፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይነሳል። አየሩ ድንገት ሲዞር ሸራ ለማልበስ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ አይሞላም። ያን ጊዜ አንዷ የራሷን አልጋ ሸፍና ጎረቤቱን እያየች ካለፈች ተመልሶ የራሰው ቡና ሻጋታ ያበጃል። 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት መግዛት እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ፣ የአንድ አልጋ መራስ ስንት እንደሚያስወጣ ማስላት አይከብደውም።

ይህን በካሜራ መያዝ አይቻልም። ካሜራው የሚያሳየው ሴትዮዋ አልጋው ዳር መቆሟን ነው፤ እሷም ካሜራው ወዴት እንደሚያይ ከማንም በላይ ታውቃለች። ይልቅ ቡናው የተገላበጠበት ሰዓት የሚጻፍበትን የአልጋውን ካርድ በፎቶ አስልካችሁ ተመልከቱ። በትክክል የተሞላ ካርድ የተዘበራረቀ ነው፦ አንዱ መስመር በሰማያዊ፣ ሌላው በጥቁር እስክሪብቶ፣ አንዱ ላይ የውኃ ጠብታ አርፎበት፣ ሰዓቱም 4፡10፣ 5፡25 እያለ ይሄዳል። ለስሙ የተሞላው ከላይ እስከ ታች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ 3፡00፣ 4፡00፣ 5፡00 እያለ የተጻፈ ነው። ምሽት ላይ ቁጭ ብለው የሞሉት ነው ማለት ነው።

ስልኩም ይናገራል። ደህና በነበረ ጊዜ «ጋሼ፣ የሦስተኛው አልጋ ወንፊት ረግቧል፣ ቡናው መሃል ላይ እየተከመረ ነው» የሚል ሰው ነበር። አሁን ለሁሉም መልሱ «እሺ ጋሼ» ነው። ብዙ ባለቤት ይህን ሲሰማ ሰላም የሰፈነ ይመስለዋል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከትርፍ ሰዓት ይጀምራል። ባለቤቱ ራሱ አሜሪካ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ሰዓቱ ሲሞላ ካርድ መትቶ ይወጣል፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት ካለፈ በአንድ ተኩል ይታሰብለታል። ባይታሰብለት ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። ጅማ ላይ ግን «እንደ ራሳችሁ ሥራ ቁጠሩት» ብሎ ያልፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በግልጽ አስቀምጦታል፦ መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጅማ ላይ በዓል ማለት መስቀልና ገና ብቻ እንዳልሆነ፣ ዒድና መውሊድም እንዳሉ ከሩቅ ሆኖ ደመወዝ የሚያሰላ ሰው አይርሳ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። የወር ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ የመፈልፈያ ማሽን ኦፕሬተር እንውሰድ። በወር ላለው 208 መደበኛ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ይመጣል። መደበኛ ሰዓቱን ጨርሶ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 6 ቢቆይ፣ የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በ45 ብር 90፣ ቀጣዮቹ 2 በ52.50 ብር 105፣ በድምሩ 195 ብር ይሆናል፤ ከደመወዙ ጋር በአንድ ቀን ይከፈላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት አለ፦ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም። አንድ ኦፕሬተር እንዲህ ማምሸት የሚችለው በሳምንት 3 ሌሊት ብቻ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ እሸት በየምሽቱ በሚገባበት ጣቢያ ሁለተኛ ሰው በሌላ ፈረቃ መቅጠር ግድ ነው። «ሻይ ጠጣበት» ብሎ 100 ብር ማስጨበጥ ሒሳቡን አይዘጋውም፣ እንዲያውም ስንት እንደቀረበት ያሳስበዋል።

ጡረታም አለ። ከሠራተኛው 7 በመቶ ተቆርጦ የአሠሪው 11 በመቶ ሳይጨመርበት፣ ገንዘቡም ሳይገባለት የሚቀርበት ጣቢያ ጥቂት አይደለም። ሠራተኛው ይህን አንድ ቀን ማወቁ አይቀርም፤ ካወቀ ደግሞ ከዚያ ወዲያ የሚነገረው ምስጋና ሁሉ ጆሮው አይገባም።

ሌላው ምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ወራት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። በዶላር የሚያስብ ባለቤት ያንኑ ደመወዝ ሲልክ ወጪው በግማሽ ቀንሶለታል፤ ዘይትና ጤፍ የሚገዛው ሰው ደግሞ ኑሮው ተወዶበታል። የባንክ ምንዛሪ በየጠዋቱ ቴሌግራም ላይ ስለሚወጣ ይህን ሒሳብ ዘበኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ደመወዝ ሳይነካ «ዘንድሮ ከብዶኛል» የሚል የድምፅ መልእክት መላክ ዋጋ የለውም፣ ባይላክ ይሻላል።

ከዚያ የዘመድ ነገር ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ የአክስት ልጅ ነው፣ እርጥበት መለኪያው እሱ ቤት ተቆልፎበታል፣ ቡናውን በጥርሷ ነክሳ መድረቁን የምታውቀዋ ሴት ግን ሐሳቧን የሚጠይቃት የለም። ቪዲዮ ሲደወል የሚታየው እሱ ነው፣ ጫማና ስልክ የሚላከውም ለእሱ ነው። ዘመድ ማስቀመጥ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ገንዘቡን ይያዝ። መለኪያው ግን አልጋ ላይ ከምትውለው ሴት እጅ ይግባ፣ ቡናው ይነሳ አይነሳ የምትለውም እሷ ትሁን።

ፈቃድ መጠበቅም ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የተቀደደ ሸራ ለመጠገን ዋሽንግተን መደወል የሚያስፈልግበት ጣቢያ ብዙ ነው። በክረምት ሰዓታቸው ልዩነቱ 8 ሰዓት ስለሆነ ባለቤቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ከሥራ ሲወጣ ጅማ ከሌሊቱ 7 ነው። ጠያቂው ሁለት ቀን ይጠብቃል፣ በሦስተኛው ዝናብ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ መጠየቁንም ይተወዋል። ለፎርማኑ እንደ ጣቢያው መጠን የተወሰነ ብር፣ ለምሳሌ 3,000፣ በእጁ ይያዝ፤ ለሸራ፣ ለሽቦ፣ ለሚስማር፣ ለነዳጅ ሳይጠይቅ ያውጣ፣ ደረሰኝ ያስቀምጥ፣ ሲያልቅ ይተካለት። ሸራ ከመርካቶ ገዝቶ ደረሰኝ ያልተሰጠው እንደሆነ የሚፈርምበት ወረቀትም አብሮ ይዘጋጅ፤ አለበለዚያ በሳምንቱ «ሌባ» ተብሎ መጠርጠሩን ይፈራና ገንዘቡን ሳይነካው ያስቀምጠዋል።

ማስተካከል የሚጀመረው ከውዝፉ ነው። ስብሰባ ጠርቶ ስለ ቤተሰብነት መናገር ከውዝፍ በፊት ከመጣ ያስቃል። ያልተከፈለው ትርፍ ሰዓት በስም በስሙ ተሰልቶ፣ ወረቀቱ ለየሰዉ ተሰጥቶ ይከፈል። የደመወዝ ቀን አንድ ቀን ይቆረጥ፤ ከዚያ ቀን ቢያልፍ ከማንም በፊት ባለቤቱ ይደውል። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱትን ሰዓት መቁረጥም ይቅር፦ አልጋው በዚያን ጊዜ ተሸፍኖ ስለሚውል ከ5 ሰዓት በፊት ሸፍነው ቢሄዱ፣ ዝናብ ቢመጣ የሚጠብቅ ሁለት ሰው ቢቀር ሥራው አይጎድልም። ስትደውሉም «ሁሉ ሰላም ነው?» አትበሉ፤ መልሱ የታወቀ ነው። «አራተኛው አልጋ ዛሬ እርጥበቱ ስንት አለ? ትናንትስ?» በሉ። ቁጥር የሚያስመልስ ጥያቄ ሲሆን ሠራተኛው ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደጠየቀው ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይመለስ ሰው ይኖራል። እሱን ማሰናበት ካስፈለገ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ፣ ምክንያቱም በጽሑፍ ይሁን፤ በዘመድ አፍ «አትምጣ» ማስባል ጅማ ፍርድ ቤት ያደርሳል። ሲወጣ የሚገባው ደመወዝና ሌላ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ የሥራ ልምድ ወረቀቱም አብሮ ይሰጠው። በመስከረም መጨረሻ ለቀጣዩ ወቅት የአልጋ ሠራተኛ ሲፈለግ፣ አምና የነበሩት ሴቶች መጀመሪያ የሚጠያየቁት ያ ሰው ገንዘቡን አገኘ ወይ ብለው ነው።